የታችኛው ጉድጓድ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የምተርክላችሁ ነገር በደረሰበት ቀን ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁ ነው። ሆሳዕና ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ሴት ነኝ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። በዚያን ሰሞን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ አንድ የመስክ ሙከራ ብቻ ይቀረኝ ስለነበር እንኳን ሰው ዝንብም ብታርፍብኝ የምጮህ ሆኜ ነበር።

ሙከራው የወባ ትንኝን ክንፍ ሳታወጣ፣ ገና ውሃ ውስጥ እጭ ሳለች መግደል ነው። የግራዋ ቅጠል ቀቅዬ አጠላለሁ። በእሱ ላይ የብር ጨው የሟሟበት ውሃ እጨምራለሁ። ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ ቀስ እያለ ይጠቁርና እንደ ወፍራም ሻይ ይሆናል። ያን ጊዜ ብሩ በዓይን ቀርቶ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ እንኳ ወደማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ተለውጧል ማለት ነው። ናኖ ፓርቲክል የሚሉት ይህንን ነው። ቅንጣቱ ወደ እጩ ሰውነት ገብቶ ከውስጥ ይጨርሰዋል። በላቦራቶሪ ውስጥ የሞከርኩበት እጭ ሁሉ አልቋል። የቀረኝ ፀሐይና ዝናብ በሚፈራረቅበት ሜዳ፣ በጭቃ ውሃ ውስጥም ይሠራ እንደሆነ ማየት ነበር።

ለዚህ የመረጥኩት ከአዲሎ ከተማ ወጣ ብላ ያለች አንዲት መንደር ነው። መንገድ ሠሪዎች አፈር ቆፍረው የወሰዱባቸው ሁለት ጉድጓዶች እዚያ ቀርተዋል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራሉ፣ ትንኝ ይፈለፈልባቸዋል። አንደኛው ሰፋ ያለ ሆኖ ከመንገዱ በላይ ነው። ሌላው ከመንገዱ በታች፣ ከአንዲት ሴት ጓሮ ጥግ ያለ፣ አነስ ያለ ነው። የሚጠጣ ውሃ ከቦኖ ስለሚቀዳ ጉድጓዶቹን ሰው አይጠቀምባቸውም። ከብት እንዳይጠጣቸው ደግሞ ቀበሌውን አስፈቅደን በእሾህ አጠርናቸው።

የመንደሩን ሰው የሰበሰቡልኝ ጋሽ ኤርሲዶ ነበሩ። የሴራው ዳኛ ናቸው። ሴራ የሚሉት ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም የሚሸከመው፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚዳኘው የመንደሩ ማኅበር ነው። እኔ ካምባትኛ አልችልም፣ እነሱም የእኔን ሀዲይኛ አይሰሙም፤ ስለዚህ በአማርኛ ተነጋገርን። ከጉድጓዶቹ አንዱ ብቻ መድኃኒት እንደሚገባበት፣ ሌላው እንዳለ እንደሚቀመጥ አስረዳኋቸው።

«ለምን?» አሉኝ ጋሽ ኤርሲዶ።

«ማነጻጸሪያ ነው። ያልታከመ ከሌለ የታከመው በመድኃኒቱ መዳኑን በምን አውቃለሁ? ዝናብ አጥቦት ሊሆን ይችላል፣ ብርድ ገድሎት ሊሆን ይችላል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳላዳላ ብዬ ዕጣ አዘጋጀሁ፤ እሳቸው አወጡ። መድኃኒቱ ለላይኛው ደረሰ። የታችኛው ጉድጓድ ጎረቤት አልማዝ ትባላለች። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ከአማቷ ጋር ትኖራለች፣ ሆዷ ገፍቷል። ከሴቶቹ መሃል ቆማ ነበርና ሁሉም ዘወር ብለው አዩዋት። «ዕጣ ነው እንግዲህ» አለች። ከዚያ ቤቷ አስገብታኝ የተቀቀለ በቆሎ ሰጠችኝ፤ ስበላም ስለ ብሩ ጠየቀችኝ፤ የጆሮ ጌጥ የሚሠራበት ብር ነው ወይ ስትል አዎ አልኳት። «ለትንኝ ጌጥ ታደርጊላታለሽ በይኛ» ብላ ሳቀች። በኋላ ያንን ሳቋን ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

የመጀመሪያው ጄሪካን እኔው በእጄ የላይኛው ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። ከቀናት በኋላ ስመለስ ጭልፋ ባጠለቅሁ ቁጥር የሞተ እጭ ብቻ ይወጣ ጀመር፤ የታችኛው ግን እንደ ድሮው ይርመሰመሳል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ውጤቱ እንዲጸና ሁለተኛ ጄሪካን መጨመር ነበረበት፤ ግን የፈተና ሳምንት ሆነና ከትምህርት ቤት መውጣት አልቻልኩም። ጄሪካኑን ለጋሽ ኤርሲዶ አስረከብኳቸው። «በገበያ ማግስት ላይኛው ውስጥ ይድፉልኝ፤ ሌላ ምንም አይደለም» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ።

ፈተናው እንዳለቀ በማለዳ ከሆሳዕና መናኸሪያ ተሳፈርኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንደሩ ስደርስ ጭቃው ጫማዬን ይዞ ያስቀር ነበር። በቅድሚያ ወደ ታችኛው ጉድጓድ ወረድኩ። ረጅም እጀታ ያለውን ነጭ ጭልፋዬን አጥልቄ አወጣሁ።

እጮቹ ሞተዋል።

እንደገና አጠለቅሁ። በሌላ ጥግ ደገምኩ። በሕይወት ያለ አልፎ አልፎ ነው፤ የቀረው ጠቁሮ ይንሳፈፋል። ምንም ያልነካሁት ጉድጓድ! ጭልፋውን ይዤ የአፈር መንገዱን ተሻግሬ ወደ ላይኛው ሮጥኩ። መድኃኒቱ ጠርጎ ያጸዳዋል ያልኩት ጉድጓድ ውስጥ የወባ ትንኝ እጮች በውሃው ገጽ ላይ ጋደም ጋደም ብለዋል፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው ተፈናጥረው ጠለቁ። ነገሩ ተገላብጧል። ተሳስተው ታች ደፍተውት ይሆን ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ ቢሆን ግን ታች ያሉት ሁሉ ባለቁ ነበር።

ጋሽ ኤርሲዶ ከሩቅ አይተውኝ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ደህና ገባሽ ቲቸር? ፈተናው አለቀ?»

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ ሁለተኛውን ጄሪካን የት ነው የደፉት?»

«የት ይደፋል? አካፈልነዋ።»

«አካፈልነው?»

«እኩል። ሰው ባለበት። አንድ ጆግ ለላይ፣ አንድ ጆግ ለታች። ማንም አላጭበረበረም።»

ለመስቀል በሬ በማኅበር ገዝተው ሲያርዱ ሥጋውን በኮባ ላይ መደብ መደብ አድርገው እንዴት እንደሚካፈሉ አይቻለሁ። ጉበቱ እንኳ በቁራጭ በቁራጭ ይከፋፈላል፤ የማንም መደብ ከማንም አያንስም። መድኃኒቴን እንደዚያው አድርገውታል። ለላይኛው ግማሹ ስላልበቃው አገገመ፤ ለታችኛው፣ አነስተኛ ስለሆነ፣ ግማሹ ሊበቃው ትንሽ ቀረው። አንድ ዓመት የለፋሁበት ሥራ በጆግ ተለክቶ አለቀ።

ጮህኩ። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ ጮህኩ። «ማነጻጸሪያ አላልኩም? አላስረዳሁም? እሺ አላላችሁም?»

«አስረድተሻል። ገብቶናልም።»

«ቢገባችሁማ እንዲህ አታደርጉም ነበር!»

«ገብቶን ነው ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «አንዱ ሲድን ሌላው ሳይድን ሲቀር ቆሞ ማየት ነው ያልሽው። እኛ ያንን ማየት አቃተን።»

መልስ ለመስጠት አፌን እንደከፈትኩ ከታች በኩል የሴት ጩኸት ተሰማ። ቃሉ ካምባትኛ ነበር፤ ከመሃሉ «አልማዝ» የሚለውን ብቻ ለየሁ። የጋሽ ኤርሲዶ ፊት ተለዋወጠ። ጃንጥላቸውን እዚያው ጥለው ወረዱ። እኔም ጭልፋዬን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው።

አልማዝ አልጋዋ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ያ በቆሎ የሰጠችኝ ሴት አትመስልም፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ጣራው ላይ ተተክሏል። አማቷ፣ አልማዝ ከትናንት ወዲያ ራሴን አሞኛል ብላ እንደነበር፣ ትናንት ተሽሏት ውሃ ቀድታ እንደነበር እያለቀሰች ነገረችን። ግንባሯን ስነካው አቃጠለኝ። ስጠራት አላወቀችኝም። ጋሽ ኤርሲዶ ስልክ ደወሉ፤ አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ወጥቷል፤ ቢመለስም ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃው ውስጥ አይገባም ተባለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ማየት ያስፈልጋል። ማንም ሳይጠራ ሰው ከየጓሮው ብቅ ብቅ አለ። አንዱ መሰላል አመጣ፣ ሌላው ፍራሽ አነጠፈ፣ ሴቶቹ በጋቢ ጠቀለሏት፣ ላስቲክ አለበሷት። አራት ሰው ትከሻ ላይ ወጣች። ተሸካሚው ሲደክም ከኋላ ያለው ዝም ብሎ ትከሻውን ያስገባል፤ ተራ የሚያስጠብቅ የለም፣ ሁሉም ተራውን ያውቃል። እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ቁልቁለቱ ላይ የአንዱ ሰውዬ እግር አዳለጠውና መሰላሉ አዘነበለ። ቦርሳውን ጥዬ በትከሻዬ ደገፍኩት። ሴት አትሸከምም የሚለኝ ሰው ነበር፤ አልሰማሁትም። እስከ አስፋልቱ ድረስ ያንን ጎን አልለቀቅኩም፤ አልማዝ ልክ ከጆሮዬ አጠገብ ታቃስት ነበር።

ጋሽ ኤርሲዶ ከፊቴ ናቸው። ሳይዞሩ አወሩኝ።

«ሆዷ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ወባ ነው የወሰደው። ቆሞ መሄድ ጀምሮ ነበር።»

«አልነገረችኝም።»

«ለማንም አታወራም። ዕጣው የወጣ ቀን አንድ ቃል ብትናገር፣ አቤት ብትል፣ ለእኛም ይቀለን ነበር። ሴራው ላይ እንኳ መጥታ አልጠየቀችም። ዝም ስትል ከበደን። ጄሪካኑን ሳመጣው ሴቶቹ ናቸው "የእሷንስ?" ያሉ። ከዚያ ማን እምቢ ይላል?»

አስፋልቱ ላይ ያገኘነው መኪና ጤና ጣቢያ አደረሰን።

ደሟ ሲመረመር ወባ ነው፣ ያውም የጠናባት። መርፌውን ቶሎ ጀመሩላት፣ ግሉኮስ ተሰቀለላት። ከዚያ አዋላጇ ነርስ መስሚያዋን ሆዷ ላይ አደረገች። አንዱን ጎን ሰማች፣ ሌላውን ጎን ሰማች፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ወጣት ልጅ ናት፤ ተማሪዬ ልትሆን ትችል ነበር። ጆሮዋን እንደደገነች ዓይኖቿን ጨፈነች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ቆሜ የማላውቀውን ጸሎት ቆምኩ፤ ሙከራዬም፣ ዲግሪዬም፣ የላይኛውም የታችኛውም ጉድጓድ ከሐሳቤ ወጥተው አንዲት ትንሽ ልብ እንድትመታ ብቻ ለመንኩ። ነርሷ መስሚያዋን ከጆሮዋ አወረደች። የልጁ የልብ ምት የለም።

ትኩሳቱ ከሰዓት በኋላ በረድ አለ። በማግስቱ ጠዋት ሴት ልጅ ወለደች፤ ትንፋሽ የሌላት፣ ሙሉ፣ ጣቶቿ እንኳ ጥፍር ያወጡ። ያጠቧትን ሴቶች አመሰግናለሁ፤ እኔ ድፍረቱ አልነበረኝም።

አልማዝ ጋ የገባሁት አማቷ ወጣ ስትል ነው። አወቀችኝ። እጇን ዘረጋችልኝና ያዝኩት።

«ቲቸር፣ ሥራሽን አበላሸንብሽ አይደል?»

«ኧረ ተይው አልማዝ። አሁን ስለ እሱ ይወራል?»

«ሳያካፍሉ በፊት ነግሬያቸው ነበር። ተዉ፣ የእኔ ማነጻጸሪያ ነው ብያቸዋለሁ።»

«ማነጻጸሪያው ጉድጓዱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ቅር ያላት አትመስልም፤ ነገሩን ልታስረዳኝ የፈለገች ትመስላለች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ጉድጓዱ አጠገብ ነው የምተኛው።»

ወጥቼ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አለቀስኩ። ባዮሎጂ ስለማውቅ ራሴን የማጽናናበት ነገር ነበረኝ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ሰውነት ውስጥ ሰንብቶ ነው የሚያምመው፤ እሷን የነከሰችው ትንኝ የመጀመሪያውን ጄሪካን ይዤ ከመምጣቴ በፊት ክንፍ አውጥታ መሆን አለበት። መድኃኒቱ ለታችኛው ደርሶ ቢሆን ኖሮም ያችን ልጅ አያተርፋትም ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም እውነት ነው። ግን ዕጣው ሲወጣ ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ ቀን የማውቀው አንዲት ነፍሰ ጡር እጭ ከሚርመሰመስበት ውሃ አጠገብ እንደምታድር ብቻ ነው፤ ያንንም እያወቅሁ በቆሎዋን በልቼ ሄድኩ።

ትንፋሽ ላላገኘ ሕፃን ሴራው ሰው አይጠራም፤ ቤተሰብ ብቻ ይቀብራል። ያን ቀን ግን ወንዶቹ በሙሉ አካፋና ዶማቸውን ይዘው መጡ። ለዚያች ትንሽ መቃብር አንድ አካፋ ይበቃ ነበር። ጸሎት ተደርጎ፣ አፈር ተመልሶ ሁሉም ካበቃ በኋላ ሰው አልተበተነም። መሣሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ኤርሲዶ በካምባትኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁሉም ወደ አልማዝ ጓሮ መውረድ ጀመረ።

ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«ለቀብር የወጣ አካፋ ሥራ ፈትቶ አይግባ አልኩ» አሉኝ። «መድኃኒትሽን ጠልተን አይደለም። ላይኛው ሰፊ ነው፤ እሱን አፈር አይሞላውም፤ ለእሱ መድኃኒትሽ ያስፈልገናል። ይቺን ግን ዛሬ እንዘጋታለን።»

የእሾህ አጥሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ አንዱ ዶማ አቀበለኝ። መንገድ ሠሪዎች ክምር አፈር ትተው ነበር፤ እሱን እየናድን፣ ድንጋይ እየጨመርን እስኪመሽ ድረስ ሞላነው። ውሃው ዳር ዳሩን እየፈሰሰ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃው ላይ ሰው ረገጠበት። ማነጻጸሪያዬን በገዛ እጄ ቀበርኩት ማለት ነው። እጄ ሲቆስል የሆነ ነገር ቀለለኝ፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ፣ ግን ቀለለኝ።

የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው የዲግሪ አማካሪዬ ብዙ አልወቀሱኝም። «ይህ ዳታ አያገለግልም፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሉ፤ ልክም ነበሩ። ትላልቅ የፕላስቲክ ሳፋዎች ገዝቼ፣ ከላይኛው ጉድጓድ ውሃና ጭቃ አስመጥቼ፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ጀርባ ደረደርኳቸው፤ ትንኝ እንዳይወጣ በአጎበር ሸፈንኳቸው። ግማሾቹ መድኃኒት ገባባቸው፣ ግማሾቹ ማነጻጸሪያ ሆኑ። ሠራ። ዘግይቼ ተመረቅሁ። ወደ ላይኛው ጉድጓድ ዛሬም ክረምት በገባ ቁጥር ጄሪካን እወስዳለሁ፤ ጋሽ ኤርሲዶ ራሳቸው ይደፉታል፤ ከእሱ ጋር የሚካፈል ጎረቤት ስለሌለው ሙሉውን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ አስተማሪ ወይም ተመራማሪ ይኖራል። ማነጻጸሪያ አያስፈልግም የሚል ትምህርት ከዚህ እንዳትወስዱ። ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የምናውቀው ነገር ግምት ነው። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው። ተማሪዎቼ ሙከራ ሲነድፉ ድሮ «ማነጻጸሪያችሁ የትኛው ነው?» ብዬ እጠይቃቸውና አልፍ ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «አጠገቡ የሚያድረው ማን ነው?» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። አልቆጣቸውም።

አልማዝን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ሆሳዕና መናኸሪያ ነው። ወደ ባሏ ልትሄድ፣ አዲስ አበባ ለመሳፈር መጥታለች፤ ሻንጣዋን ወዛደሩ አውቶቡስ ላይ ይጭናል። ተቃቅፈን ቆምን። ከስታለች፣ ግን ያ ሳቋ ተመልሷል።

«ጌጡ እንዴት ሆነ? ትንኟ ወደደችው?» አለችኝ።

«ሞተችበት» አልኳት። ሳቅን። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ጨለመ።

«አሁንስ የማንን ነው ሳታክሚ የምትተዪው?»

«የማንንም። ማነጻጸሪያዬ ሳፋ ነው።»

ረዳቱ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች መጣራት ጀምሯል። ነጠላዋን አስተካከለች፤ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ እንዳደረገች ወደ እኔ ዞረች።

«ጥሩ አደረግሽ» አለች። «ሳፋ አያለቅስም።»